ከሾፌሩ በኩል አንድ

የዳቦ ቤቱን መኪና አይጥ ነው የበላት። ነገሩ ቀልድ ይመስላል እንጂ እውነት ነው። ከኋላዋ ያን ሁሉ ዳቦ ተሸክማ እያለች አይጦቹ ንቀውት ሞተሯ ላይ ወጡ፣ ሞቅ ያለ ጥግ መርጠው ጎጆ ቀለሱ፣ ሽቦዋን እየላጡ ሰነበቱ። አንድ ማለዳ ሾፌሩ ቁልፉን ሲያዞር ከኮፈኑ ሥር ጭስ ተግተለተለ። ሮጦ ባትሪዋን እስኪነቅል ድረስ፣ ከሞተሯ እስከ ኮምፒውተሯ የሚዘረጋው የሽቦ ጥቅል መሃል ለመሃል ቀልጦ፣ ቀዩም ሰማያዊውም ቢጫውም አንድ ጥቁር ጅማት ሆኖ ቀረ። ተጎትታ ጋራዥ የገባችው ሰኞ ረፋድ ላይ ነው።

በዚያ ጋራዥ የሽቦ ሥራ የሦስት ሰዎች ነው። አንደኛዋ መካኒኮቹ «እትዬ ሽቦ» የሚሏት ሴት ናት። አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሃያ ሁለቱን የጨረሰችው በዚያ ግቢ፣ ኮፈን ሥር አጎንብሳ ነው። ቀጭን ናት፣ ቁጡ ናት፣ ሳያስቡ የነኳት እንደሆነ ትነዝራለች፤ ስሙን ያወጣላት ሰው አልተሳሳተም። ሁለተኛው አባቷ ነው። የሽቦውን ክፍል ያቋቋመው እሱ ነው፤ አሁን ግን ዓይኑ ደክሞ እጁም መንቀጥቀጥ ስለጀመረ፣ በሩ አጠገብ ከአሮጌ መኪና የወለቀ ወንበር ላይ ተቀምጦ በጆሮው ይሠራል። ሞተር ሲነሳ ያዳምጥና «ያቺ ሁለተኛዋ ታማለች» ይላል፤ ሄደው ሲያዩ እውነትም ታማ ያገኟታል።

ሦስተኛው ከሦስት ወር በፊት የመጣው ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ካልጠየቁት አይናገርም፣ ሲጠይቁትም ቆጥቦ ነው፤ መካኒኮቹ «ጸጥታ» አሉት። ሽማግሌው ለግቢው ሰው ሲያስተዋውቀው «የዘመዴ ልጅ ነው። አውቶቡስ ቤት የመብራት ሽቦ ሲሠራ ነው የኖረው» አለ። ለሴት ልጁ ግን በዚያው ሳምንት ቤት ውስጥ፣ ጫማውን እየፈታ፣ ዓይን ዓይኗን ሳያይ ሌላ ነገር ነገራት።

«ልጄ ነው» አላት። «ወንድምሽ። እናትሽ በሕይወት እያለች ላሳዝናት አልፈለግሁም። አሁን እሷም አርፋለች፣ እኔም እየደከምኩ ነው። አደራሽን፣ ግቢ ውስጥ አፍሽ እንዳያመልጥሽ። በዚህ ዕድሜዬ የሰው መሳቂያ አልሁን።»

ምን አለች? ራቱን አቀረበችለት፣ ሳህኑን አጠበች፣ በማግስቱ ሥራ ገባች። ቅናትና ኩፍኝ በልጅነት ካልወጡ ኋላ ይብሳሉ፤ እሷ ደግሞ ብቸኛ ልጅ ሆና ስላደገች በጊዜው የምትቀናበት ሰው አላገኘችም። በአርባ አንድ ዓመቷ ወጣባት።

መጀመሪያ እጁን አየች። አውራ ጣቱ ወደ ውጭ ይታጠፋል፣ ፒንሳ ሲይዝ ትንሿ ጣቱ ትነሳለች፤ ቁርጥ አባቱን። እሷ የወጣችው እናቷን ስለሆነ ጣቶቿ ቀጥ ያሉ ናቸው። ይህን ሁሉ ዘመን ጣቶቿ ቀጥ በማለታቸው ተናዳ አታውቅም ነበር፤ አሁን ተናደደች። ቀጥሎ አባቷን ማየት ጀመረች። በምሳ ሰዓት ሰውዬውን «በላህ ወይ?» ይለዋል። ከዝናብ ሲገባ «ና፣ እዚህ ጋ ይሻልሃል» ይለዋል። ሃያ ሁለት ዓመት አጠገቡ ስትቆም አንድ ቀን «በላሽ ወይ?» ብሏት አያውቅም፤ መብላቷን ያውቃላ፣ ምሳውን የምታመጣው እሷ ናት። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይሉ የለ? እሷም ስንት ዘመን ልጥ ሲነከርባት ኖራ፣ ትናንት የመጣው ሰው ጠበል ሲሆን ቆማ ታያለች።

የሰኞው ነገር ደግሞ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነባት። አባቷ መኪናዋን በእጁ ዳሰሰ፣ የቀለጠውን አሸተተ፣ ከዚያም ሁለቱን ጠራቸው።

«ይህ ሽቦ አይጠገንም» አለ። «ሙሉ በሙሉ ይወጣና አዲስ ይሠራል። እኔ ከእንግዲህ እንደ ድሮው አልሆንም፤ የሽቦውን ክፍል አንድ ሰው ይምራው። ይህቺን መኪና እሱ ይሥራት። አንቺ አቀብዪው።»

«አቀብዪው?» አለች።

«የአንቺን ሥራ አውቀዋለሁ፤ የሱን ልየው። ዓርብ መኪናዋ ስትነሳ እወስናለሁ።»

አነጋገሩ ፍርድ አለው፤ ጉዳዩን ለውጭ ሰው ብትነግረው «አባትሽ ልክ ነው» ይላታል። እሷን ያሳረራትም ይኸው ነው። አባቷ ስህተት ቢሆን ኖሮ ትጮህበት ነበር። ልክ ሲሆን ግን ቆሽቷ እያረረ መብራት ይዛ ከመቆም በቀር ምን ታድርግ። ሃያ ሁለት ዓመት የደከመችበት ክፍል ዓርብ ዕለት የእሷ ሊሆን ወይም በሦስት ወር እንግዳ እጅ ሊገባ ነው፤ እሷ ደግሞ ለእንግዳው አምፖል ትይዛለች።

ማክሰኞ ዕለት አሮጌውን ሽቦ ማውጣት ጀመረ። ባትሪዋን ፈታ፣ ከተሳፋሪው ፊት ካለው መሳቢያ በስተጀርባ ያለውን የኮምፒውተር ሶኬት አላቀቀ፣ ከዚያ ወደ ሞተሩ መጥቶ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ነቀለ። የሽቦ ጥቅል የሚሉት ነገር ግንድና ቅርንጫፍ አለው፤ ግንዱ ከኮምፒውተሩ ይነሳና ለነዳጅ መርጫው፣ ለካንዴላው እሳት ለሚሰጠው ኮይል፣ ለሙቀት መለኪያው፣ ለሌላውም ቅርንጫፍ እየሰጠ ይሄዳል። በየሶኬቱ ላይ ያለችው የፕላስቲክ ጥርስ ሙቀት ስለበላት በትንሹ ትሰበራለች። እትዬ ሽቦ አምፖሉን ይዛ «አሁን ይሰብራታል፣ አሁን ይሰብራታል» እያለች ጠበቀች። ሰውዬው አንዲትም አልሰበረም።

በመሃል አባቷ ከወንበሩ ላይ «የሦስተኛዋ ኮይል ጥርሷ ደካማ ናት፤ ቀስ» አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። መካኒክ የተባለ ሁሉ እንዲህ ያለውን ሞተር የሚቆጥረው ከፊት፣ ቺንጋው ከሚዞርበት በኩል ነው፤ የመኪናዋም መጽሐፍ የሚለው ይህንኑ ነው። ሽማግሌው ግን ሥራ የጀመረው የከባድ መኪና ረዳት ሆኖ፣ ሞተሩ እግሩ ሥር እየጮኸ ነውና፣ ለሱ «አንድ» ማለት ለሾፌሩ የምትቀርበው ናት። ስንቱ መከረው፣ ስንቱ ሳቀበት፣ አልተወም። አዲስ የመጣ መካኒክ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት «ሦስተኛዋን ፍታ» ይባልና ሌላዋን ፈትቶ ይሳቅበታል። ነባሮቹም ቢሆኑ «ከማን በኩል ጋሼ?» ሳይሉ አይነኩም። ሳይጠይቅ እጁ በቀጥታ የሚሄድ ሰው በዚያ ግቢ እሷ ብቻ ነበረች፤ ይህቺን ነገር እንደ ጌጥ ነበር የምትለብሳት።

ጸጥታ አልጠየቀም። እጁ ሽማግሌው ወዳላት ሦስተኛ በቀጥታ ሄደ።

«ከመካኒኮቹ አንዱ ነግሮት ይሆናል» አለች በሆዷ። «ለወሬማ ማን ብሏቸው።»

ረቡዕ ጠዋት ሰውዬው አንድ ሰፊ ጣውላ ሥራ ክፍሉ ግድግዳ ላይ አቆመ። አዲሱ ጥቅል የሚሠራው እዚያ ላይ ነው፤ የአሮጌውን ግንድና ቅርንጫፍ በሲባጎ እየለኩ ሚስማር ይመታሉ፣ ሽቦውን ከሚስማር ሚስማር እየዘረጉ ይሄዳሉ፣ ሶኬቶቹን ይገጥማሉ፣ መጨረሻ ላይ በጥቁር ፕላስተር ይጠቀልላሉ። ከአሮጌው ቀለም አይቶ መቅዳት አይቻልም፣ ሁሉም ከስሏል። ስለዚህ የትኛው ሽቦ ወደ ኮምፒውተሩ የትኛዋ ቀዳዳ እንደሚገባ የሚታወቀው ከመጽሐፉ ነው። ሰውዬው ከመጽሐፉ የተቀዳውን ወረቀት በአንድ በኩል ሰቀለ፣ በጣውላው ላይ ሞተሩን በጠመኔ ሳለ። አራት ክብ አደረገ። በግራ ጫፍ «ሾፌር» ብሎ ጻፈ። ከሾፌሩ ጎን ያለችውን ክብ «1» አላት፣ ቀጥሎ «2»፣ «3»፣ «4»።

እትዬ ሽቦ ፕላስተር ልታቀብል መጥታ ይህን አየችና ቆመች።

መጽሐፉ «አንድ» የሚለው የቺንጋዋን ነው። ሰውዬው «አንድ» ያለው የሾፌሩን ነው። የመጽሐፉን አንድ ከራሱ አንድ ጋር፣ የመጽሐፉን ሁለት ከራሱ ሁለት ጋር እያገናኘ ነው፤ አራቱም ኮይል፣ አራቱም ነዳጅ መርጫ ተገልብጠዋል። መኪናዋ ዓርብ አትነሳም።

መጀመሪያ የመጣላት ደስታ ነው፤ ምን ይደረግ፣ እውነቱ ይህ ነው። ተሳስቷል፤ ተመስገን ተሳስቷል። ደስታው ግን ጉሮሮዋን ሳያልፍ ሌላ ነገር ተከተለው። ይህን ስህተት ታውቀዋለች። ሥራ በጀመረች በዓመቷ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ጥቅል ስትሠራ፣ ልክ እንዲህ፣ ያችኑ «ሾፌር» የምትል ቃል ጽፋ፣ ልክ እንዲህ ገልብጣዋለች። አባቷ እንባው እስኪወርድ ነበር የሳቀው። ዛሬም ቢሆን መጽሐፍ ስትከፍት ቆም ብላ መገልበጥ አለባት። አንድ መካኒክ ወሬ ነግሮት የሚሳሳት ሰው እንዲህ አይሳሳትም፤ በወሬ የሰማ ይጠነቀቃል። እንዲህ የሚሳሳት ገና ልጅ ሳለ፣ ሌላ ቆጠራ መኖሩን ሳያውቅ የተማረ ነው። እንዲህ የሚያስተምርም በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለራሷ የምትነግራት ማጽናኛ ነበረቻት። «ወልዶት ይሆናል፤ አላሳደገውም» ትል ነበር። «ደሙ ከሱ ነው፣ ሙያው ግን የኔ ብቻ ነው።» አሁን በጠመኔ የተጻፈች አንዲት ቁጥር ያቺን ማጽናኛ ነጠቀቻት።

ፕላስተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አፏን ዘግታ ወጣች።

ሐሙስ ዕለት ሰውዬው ጣውላውን ጨርሶ ጠራት። ልብ በሉ፣ ራሱ ነው የጠራት።

«እትዬ» አላት። ይህቺ «እትዬ» ደግሞ ሌላ ቁስል ናት፤ ሌሎቹ በቀልድ ይሏታል፣ እሱ ግን ከልቡ ነበር የሚላት። «ከመጠቅለሌ በፊት እስኪ እይልኝ። የኔ ዓይን ለምዶታል፤ ስህተት ቢኖር አያየውም።»

ቆማ አየችለት። ከግንዱ እስከ ቅርንጫፉ፣ ከቅርንጫፉ እስከ ሶኬቱ በጣቷ ሄደች። ሥራው ያምር ነበር፤ ብየዳው ንጹሕ፣ ርዝመቱ ልክ። ጣቷ «1» የምትለዋ ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆመ።

«ደህና ነው» አለችው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አላትና መጠቅለል ጀመረ።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ሁሉ ነገር ተገጠመ። ጥቅሉ በሞተሩና በሾፌሩ መሃል ያለውን ግድግዳ አልፎ ገባ፣ ሶኬቶቹ ቀጭ ቀጭ እያሉ ቦታቸውን ያዙ፣ የባትሪዋ ገመድ ታሰረ። የዳቦው ሾፌር ከማለዳ ጀምሮ ግቢው ውስጥ ሲመላለስ የዋለ ነውና እሱም ቀረብ አለ። መካኒኮቹም ሥራቸውን ጣል አድርገው መጡ፤ ሽማግሌው ዛሬ እንደሚወስን ሁሉም ያውቃል። ጸጥታ ገብቶ ቁልፉን አዞረ።

ሞተሪኖው ዞረ፤ ሞተሯ ግን እሺ አላለችም። አንዴ አስነጠሰች፣ ሁለቴ አስነጠሰች፣ በሦስተኛው በአየር መሳቢያዋ በኩል እንደ ርችት ጮኸች። የዳቦው ሾፌር ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ጨረሳችኋት እንዴ?» አለ።

«አቁም» አለ ሽማግሌው ከወንበሩ። ጆሮው ነግሮታል። «ና ወዲህ። ከየት ነው የቆጠርከው?»

ሰውዬው ከመኪናዋ ወረደ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሽማግሌውን አየው፤ ረጅም አየው። ከዚያ እሷን አየት አደረጋት።

«ከሾፌሩ በኩል» አለ። «ይቅርታ ጋሼ። ትምህርት ቤት እንደዚያ ነው ያስተማሩን።»

«የቱ ትምህርት ቤት ነው?» አለ ወፍራሙ መካኒክ። «ንገረንና ልጆቻችንን እንዳናስገባ።»

ግቢው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ አባቷን እያየች ነበር። አሁን ይናገራል ብላ ጠበቀች። «ተዉት፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩት» ለማለት ስንት ቃል ይፈልጋል? አባቷ አቀርቅሮ ከወንበሩ የወጣውን ስፖንጅ በጣቱ ይቆነጥራል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት እንዲህ ነው።

«እንግዲህ አየን» አለ በመጨረሻ። «ከሰኞ ጀምሮ የሽቦውን ክፍል ልጄ ትመራዋለች። አንተ ገና ነህ፤ ከሷ ትማራለህ።»

ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቀችው ነገር መጣ። እንዲህ ይመጣል ብላ ግን አላሰበችም። ወፍራሙ መካኒክ ትከሻዋን መታ አደረጋት፣ ሌላውም «እንኳን ደስ ያለሽ» አላት፤ እሷ «እሺ፣ እሺ» ብላ መኪናዋ ውስጥ ገባች። የተገለበጠውን ማቃናት ብዙ ሥራ አይደለም፤ ከኮምፒውተሩ ሶኬት ስምንት ሽቦ በመርፌ እየገፉ ማውጣትና ቦታ ማለዋወጥ ነው። ሰውዬው ሳትጠራው መጥቶ አምፖሉን ያዘላት። ሁለቱ የፊት ወንበሮች መሃል ተጠጋግተው ተቀመጡ።

ሁለት ሽቦ አወጣች።

«ያንን የሚያስተምር ትምህርት ቤት የለም» አለችው ቀና ሳትል።

«የለም» አለ።

«ስንት ዓመትህ ነበር?»

«ሰባት። ወደ ስምንት ስሄድ።»

«እንዴት አድርጎ ነው ያስተማረህ?»

«ደጃችን ላይ ደረጃ ነበር። አራት ቆርኪ ይደረድርና እኔን ከላይ ያስቀምጠኛል። ‹ሾፌሩ አንተ ነህ። ላንተ የምትቀርበው አንድ ናት› ይለኛል።»

የሷ አራት የክብሪት ቀፎ ነበር፣ ወለል ላይ፣ ቤታቸው። «ሾፌሯ አንቺ ነሽ» ነበር ያላት። ቃሉን እንኳ አልለወጠላቸውም። መርፌውን ብትወረውረው ደስ ባላት፤ ማንን እንደምትወጋ ግን አላወቀችም።

«ብዙ ጊዜ ይመጣ ነበር?»

«ሐሙስ ሐሙስ።»

ሐሙስ። ያኔ እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ሥራ የጀመረችበት ዓመት። አባቷ ሐሙስ ከሰዓት «ዕቃ ልገዛ» ብሎ ይወጣል፤ ሲወጣ የክፍሉን ቁልፍ እጇ ላይ ያስቀምጥና «ዛሬ ባለቤቷ አንቺ ነሽ» ይላታል። በዚያ ቁልፍ ስንት ቀን ነው ያበጠችው። መካኒኮቹ ጺማቸውን እያሻሹ እሷን ፈቃድ ሲጠይቁ ስንት ቀን ነው ቁመቷ የጨመረው። በሕይወቷ አባቴ አመነኝ የምትልበት ነገር ቢኖር ያቺ ሐሙስ ነበረች። ለካ ቁልፉ የተሰጣት እሷ ስለታመነች አልነበረም፤ ወደዚህ ልጅ መሄጃ ስለተፈለገ ነው።

«ስንት ጊዜ?» አለች። ድምፅዋ ሻክሮ ለራሷም አስቀየማት። የተወሰደባትን ቁጥሩን ማወቅ ፈልጋለች። «ስንት ሐሙስ መጣ?»

«ዘጠኝ» አለ።

«ዘጠኝ ወር?»

«ዘጠኝ ሐሙስ። ከዚያ ቀረ።» አምፖሉን በሌላ እጁ አዛወረ። ያ የማይናገር ሰው መናገር ጀመረ። «የመጀመሪያው ቀን ዝናብ ነበር፤ ኮቱን አላወለቀም። ሁለተኛው ቀን ካቻቪቴ ሰጠኝ፣ እጀታው አረንጓዴ ነው፤ አሁንም አለኝ። ሦስተኛው የቆርኪው ነው። አራተኛው ቀን እናቴ አልነበረችም፤ ደጅ ቆመን ብቻ ሄደ። አምስተኛው ቀን አሞኝ ነበር…»

እንዲህ እያለ ቆጠረላት፤ አንዱንም አልዘለለም። እሷ መርፌውን እንደያዘች ሰማችው። ከአባቷ ጋር የኖረችውን ቀን ልትቆጥር ሞከረች፤ ከየት ተነስታ ትቁጠር? ባለፈው ማክሰኞ ማታ አብረው ምን እንደበሉ እንኳ አታስታውስም። ብዙ ስለነበራት አላስቀመጠችውም።

«ዘጠነኛው ቀን ቶሎ ተነሳ» አለ ሰውዬው። «ትንሽ ቆይ አልኩት። ‹ልጄ ሥራ ቦታ ብቻዋን ናት፤ ልሂድላት› አለኝ። አንቺን ያኔ አይቼሽ አላውቅም። ግን በጣም ቀናሁብሽ፤ እዋሻለሁ እንዴ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አንቺን ነበር የምጠላው።»

ሰባተኛዋን ሽቦ ቦታዋ አስገባች።

«ታዲያ ዛሬ ለምን ትምህርት ቤት ነው አልክ?»

«ምን ልበል? እሱ ካላለው እኔ አልለውም። አንቺም ብታውቂው ደስ አይልሽም ብዬ ነው።»

ስምንተኛዋን ሽቦ ቦታዋ ላይ ገፋች። ቀጭ አለች። ልትነግረው ፈለገች፤ ረቡዕ አይቼዋለሁ፣ ሐሙስ ስትጠይቀኝ ዋሸሁህ ልትለው ፈለገች። «አዙራት» ብቻ አለችውና ወረደች።

መኪናዋ በግማሽ ዙር ተነሳች። ድምፅዋ እንደ አዲስ ነው፤ የዳቦው ሾፌር ፊቱ በራ፣ ወፍራሙ መካኒክ አጨበጨበ። ሽማግሌው ጆሮውን አዘንብሎ አዳመጠና እጁን አነሳ።

«እሰይ የኔ ልጅ» አለ።

ያቺን የምትወዳትን ቃል ሰምታ ሄዳ ወንበሩ ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ ስህተቱን ረቡዕ ዕለት አይቼዋለሁ።»

«ምን?»

«አይቼ ዝም አልኩ። ትናንት እይልኝ ብሎ ሲጠይቀኝም ደህና ነው አልኩት። እንዲወድቅ ፈልጌ ነው።»

ሰውዬው ከመኪናዋ ወርዶ ጨርቁን እንደያዘ ቆመ፤ ፊቱ ላይ ቁጣ ትጠብቅ ነበር፣ ያየችው ግን ድካም ነው።

«አይተሽ ዝም ካልሽ» አለ አባቷ፣ «ክፍሉን እንዴት አድርጌ ልስጥሽ?»

«አትስጠኝ።»

ሃያ ሁለት ዓመቷን በአንድ ቃል አፈሰሰችው። ከፈሰሰ ወዲያ ግን የምትፈራው ነገር አልቀረም።

«የኔን ተናገርኩ» አለች። «አሁን ያንተን ተናገር። ያ ትምህርት ቤት የት እንደሆነ ንገራቸው።»

«ልጄ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው ይሰማል።»

«ሰው እንዲሰማ ነው።»

ሽማግሌው በደከመ ዓይኑ ዙሪያውን አየ። የሚያያቸው ሰዎች ለሱ ጥላ ናቸው፤ ማን እንደሳቀ፣ ማን እንዳልሳቀ አይለይም። የወንበሩን ክንድ ይዞ ተነሳ። ያን ወንበር ሲለቅ ሁል ጊዜ እሷ ናት የምትደግፈው፤ ዛሬ አልደገፈችውም።

«እኔ ነኝ ያስተማርኩት» አለ። «የዘመዴ ልጅ አይደለም። ልጄ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ወፍራሙ መካኒክ ጫማውን ያይ ጀመር። ነገሩ ያልገባው የዳቦው ሾፌር ብቻ ዙሪያውን ተመልክቶ «ታዲያ መኪናዋን ልውሰዳት?» አለ፤ አንዱ ክንዱን ይዞ ወደ ጎን ወሰደው።

ሽማግሌው እየዳሰሰ ሄዶ የሚንቀጠቀጠውን እጁን የልጁ ትከሻ ላይ አሳረፈ። ሰውዬው ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀው ነገር ሲመጣ ምን እንደሚደረግ አላወቀበትም፤ ጨርቁን በሁለት እጁ ጨምድዶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ቆመ። የሚንቀጠቀጠው የአባትየው እጅ ይሁን የልጁ ትከሻ መለየት አይቻልም ነበር።

እሷ ከሞተሩ አጠገብ ቆማ አየች። ያደረገችውን አልተጸጸተችበትም፤ መልሰሽ አድርጊው ቢሏት መልሳ ታደርገዋለች። ቢሆንም አንጀቷ ያው ነው፣ ያ እጅ በሱ ትከሻ ላይ በቆየ ቁጥር ይቃጠላል። አባቷ «ልጄ» ሲል በዚያ ግቢ ሃያ ሁለት ዓመት ዞር የምትለው እሷ ብቻ ነበረች፤ ከእንግዲህ ሁለት ሰው ዞር ይላል። መርፌውንና ፒንሳውን ሰብስባ ሳጥኑ ውስጥ መለሰች። እስከዚያ ቀን የቀናችው በባዕድ ነበር። አሁን የቀናችው በወንድሟ ነው።